«ዝም ብሎ ማየት» ምን ነውር አለው?

የሳሎን ሰው፦ ትናንት ማታ አንድ የቴሌቪዥን አቅራቢ «የዛሬ ተመልካች ዝም ብሎ ማየት አይበቃውም፤ መሳተፍ ይፈልጋል» ሲል ሰማሁ። እሱ ይህን ሲል ከሥሩ የተመልካች መልእክት ይሮጣል። ጥጉ ላይ ኪውአር ኮድ፣ ከላይ የቴሌግራም አድራሻ። እኔ ከሥራ ደክሜ ስገባ ዝም ብዬ ማየት ነው የምፈልገው። አይበቃውም ያለው ማንን ጠይቆ ነው?

የሪያድዋ፦ ወንድሜ፣ ላንተ ትርፍ ጽሑፍ ነው። እኔ ሰው ቤት ስሠራ አምስተኛ ዓመቴ ነው። ለአረፋ «እማ፣ ዒድ ሙባረክ» ብዬ ላክሁ። እናቴ ደሴ ሆና ስሜን ስክሪን ላይ ስታይ እልል አለች፤ ጎረቤት ተጠራ። ጠዋት ደውዬላት ነበር እኮ! ቲቪ ላይ ሲሆን ሌላ ነው።

የሳሎን ሰው፦ በበዓል ማን ከለከለሽ እህቴ? ዜናና ድራማ ላይ ነው የምለው።

ኳስ ወዳዱ፦ መሳተፍ የዛሬ ነገር አይደለም። አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ኮሎምበስ ላይ በ1977 እ.ኤ.አ. «ኪዩብ» የሚባል የኬብል ቴሌቪዥን (በሽቦ ቤት ድረስ የሚገባ) ነበር። ሰው ሶፋው ላይ ሆኖ ቁልፍ እየተጫነ ሐሳቡን ይሰጥ ነበር።

ቄራ፦ እኛ ጋ «መሳተፍ» ማለት ኤስኤምኤስ ነው፣ ከካርድህ ይቆረጣል። እናቴ ለአንድ ተወዳዳሪ ድምፅ ስትልክ የ50 ብር ካርድ ጨረሰች። መክፈል ነው በለው እንጂ!

ኳስ ወዳዱ፦ ማን አስገደዳት?

ቄራ፦ እናቴን ተዋት።

ታላቅ ወንድም፦ ታናሼ መስማት የተሳነው ነው። ዜና የሚከታተለው ጥግ ላይ ባለችው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ነው። ባለፈው ሳምንት ኪውአር ኮዱ ግራ እጇ ላይ ተለጠፈ። ስክሪኑ ድረስ ሄዶ አየ። ከዚያ ዞሮ በእጁ «ምን አለች?» አለኝ። እሱን ከልክሎ ማንን ነው የሚያሳትፈው?

ዲሽ ሠሪው፦ ችግሩ ጽሑፉ መኖሩ አይደለም። ጣቢያው ከምስሉ ጋር አንድ አድርጎ ስለሚልከው ቤትህ ሆነህ ማጥፋት አትችልም። ቢቢሲ ከ1974 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ሲፋክስ የሚባል የጽሑፍ አገልግሎት ነበረው። ጽሑፉ ከስርጭቱ ጋር ይመጣል፤ የሚያየው ግን ሪሞቱን የተጫነ ብቻ ነው።

ኳስ ወዳዱ፦ የኛ ሪሲቨር ከሳተላይት ይቀበላል እንጂ የኛን መልስ ወደ ጣቢያው አይልክም። ጣቢያዎቹ በስልክ ቢዞሩ ምን ይፈረድባቸዋል?

ዲሽ ሠሪው፦ ሲፋክስም አይልክም ነበር። ለማንበብ መላክ ምን ያደርጋል? እኔ የምለው ምርጫው ሪሞቱን የያዘው ሰው ይሁን ነው።

የሪያድዋ፦ የወንድምህ ነገር አንጀቴን በላው። እጇ መታየት አለበት። ግን የኔን ስም አታስጠፉብኝ፤ ወደ ላይ ያድርጉት።

የሳሎን ሰው፦ ላይኛው ጥግም እኮ በሎጎና በሰዓት ተይዟል።

ታላቅ ወንድም፦ የሁለት ሰዓቱ ዜና ጀምሯል። ኮዱ ዛሬም እዚያው ነው። ልጁ ስክሪኑ ሥር ቁጭ ብሏል።