የማረጥ ምርመራ በቤት፦ አንዱ ስትሪፕ ፖዘቲቭ፣ አንዱ ደብዛዛ፤ የትኛውን ልመን?

የሜሪላንዷ
ሰላም እህቶች። 47 ዓመቴ ነው። የወር አበባዬ አንዳንዴ በ24 ቀን፣ አንዳንዴ በ50 ቀን ይመጣል፤ ሌሊት ላብ በላብ ሆኜ እነቃለሁ። ከፋርማሲ በሽንት የሚሠራውን የማረጥ መመርመሪያ ገዛሁ። የመጀመሪያው ስትሪፕ ላይ ሁለት ደማቅ መስመር ወጣ። ከሳምንት በኋላ ሁለተኛው መስመር ፈዘዝ ብሎ ታየ። አርጫለሁ ማለት ነው? የምንጠቀመው ኮንዶም ነው፤ ልንተወው እንችላለን?

ላብ ቴክ
እህቴ፣ ይሄ ስትሪፕ እንደ እርግዝና ምርመራ አይነበብም። እርግዝና ላይ የቲ መስመር (ውጤቱን የሚያሳየው) ደብዝዞም ቢታይ ፖዘቲቭ ነው። እዚህ ግን ቲ ከሲ (ስትሪፑ መሥራቱን ከሚያሳየው መስመር) ጋር እኩል ወይም ከሲ የደመቀ ካልሆነ ኔጋቲቭ ነው። ስትሪፑ የሚለካው ኤፍኤስኤች፣ ማረጥ ሲቃረብ የሚጨምረው ሆርሞን፣ የወር አበባ በምታይ ሴት ሽንት ውስጥም አለ፤ ስትሪፑ የሚያሳየው ከገደቡ ማለፉን ብቻ ነው። ገደቡ በብዙዎቹ ምርቶች 25 ሚሊ ዩኒት በሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ ያ ፈዛዛው ኔጋቲቭ ነው። ሲ ጭራሽ ካልወጣ ደግሞ ስትሪፑ ተበላሽቷልና ይጣላል።

አወሳሰዱም ውጤቱን ይለውጠዋል። የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ነው የሚያስፈልገው። ማታ ብዙ ውሃ ወይም ሻይ ከተጠጣ ሽንቱ ይቀጥንና መስመሩ ያለ አግባብ ይደበዝዛል። ኩባያው ንጹሕና ደረቅ ይሁን። ስትሪፑን ቀድመሽ ከማሸጊያው አታውጪው፤ የመታጠቢያ ቤት እርጥበት ያበላሸዋል። ማክስ ከሚለው ምልክት በላይ አትንከሪው። መመሪያው ላይ በተጻፈው ደቂቃ ብቻ አንብቢ፤ ደርቆ ካደረ በኋላ የሚታየው መስመር ምንም አይነግርሽም።

አዋላጅ ነርስ
ሁለቱም ውጤት ትክክል ሊሆን ይችላል። ወደ ማረጥ በሚወስዱት ዓመታት ኤፍኤስኤች ከሳምንት ሳምንት ይወጣል ይወርዳል፤ እንቁላል በሚወጣበት ሰሞንም ለአጭር ጊዜ ከፍ ይላል። የአሜሪካው የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤም የሚለው ይህንኑ ነው፦ እነዚህ ምርመራዎች ኤፍኤስኤችን ከ10 ጊዜ 9 ጊዜ ያህል በትክክል ይለያሉ፣ ማረጥን ግን አይለዩም።

አላረጥሽም። ማረጥ የሚባለው 12 ወር ሙሉ ያለ ወር አበባ ሲያልፍ ነው፣ አንቺ ገና እያየሽ ነው። ምልክቶችሽ የመዳረሻው ጊዜ መሆኑን ያሳያሉ። በእንግሊዝ ናይስ የሚባለው መመሪያ አውጪ ተቋም ከ45 ዓመት በላይ ላለች ሴት ማረጥን ለመለየት ኤፍኤስኤች አትለኩ ይላል፤ ዕድሜዋና የወር አበባዋ ለውጥ ይበቃል። እኔም የምስማማው በዚህ ነው፤ ገንዘብሽን ለሌላ ስትሪፕ አታውጪ።

ኮንዶሙን አትተዉ። የመጨረሻው የወር አበባ ከ50 ዓመት በፊት ከሆነ 2 ዓመት፣ ከ50 በኋላ ከሆነ 1 ዓመት መከላከል ይቀጥላል። ፖዘቲቭ ስትሪፕ ይዘው መከላከያ ያቆሙ ሴቶች ያረግዛሉ። (ዴፖ የሚባለውን የመከላከያ መርፌ ወይም ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን መከላከያ የምትጠቀሙ፦ ደም የሚያስቀረው መድኃኒቱ ሊሆን ስለሚችል የ12 ወሩ ቆጠራ ለእናንተ አይሠራም።)

የሜሪላንዷ
እግዜር ይስጥልኝ። ጣት ተወግቶ ደሙ በፖስታ የሚላከውስ ይሻላል? ለንደን ያለችው እህቴ አሠርታ ኢስትራዲዮሏ (ዋናው የሴት ሆርሞን) 184 መጣ፤ እዚህ ጓደኛዬ 50 ነው ያላት። ለፀጉሬም ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን እወስዳለሁ።

ላብ ቴክ
የእህትሽና የጓደኛሽ ቁጥር አንድ ነው! እንግሊዝ በፒኮሞል በሊትር ይጽፋሉ፣ አሜሪካ በፒኮግራም በሚሊ ሊትር። 184ን ለ3.67 ብታካፍዪው 50 ይሆናል። የኤፍኤስኤች ቁጥር ግን በሁለቱም አገር ያው ነው።

ባዮቲኑን ለሐኪምሽና ለላብራቶሪው ንገሪ። በቀን 30 ማይክሮግራም ያህል ለሚበቃ ሰው የፀጉር እንክብሎች 5,000 ወይም 10,000 ይይዛሉ። በባዮቲን የሚሠሩ የደም መመርመሪያዎች ላይ ኤፍኤስኤችን ዝቅ፣ ኢስትራዲዮልን ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ሁለቱ ተደምረው ገና ወጣት እንደሆንሽ የሚናገር የሐሰት ውጤት ይሰጡሻል። ከምርመራው በፊት ለስንት ቀን እንደሚቆም ላብራቶሪው ይነግርሻል፤ ብዙ ጊዜ ቢያንስ 2 ቀን ነው።

የጣት ደም ከላክሽ እጅሽን በሙቅ ውሃ ታጠቢና በደንብ አድርቂ፣ የቀለበት ጣትሽን ጎን ውጊ፣ የመጀመሪያውን ጠብታ ጥረጊ። እጅን ወደ ታች አውርዶ ራሱ እንዲንጠባጠብ መተው ነው እንጂ ጣትን መጭመቅ የደም ሕዋሳቱን ይሰባብርና ናሙናው ውድቅ ይሆናል። ዓርብ አትላኪው፣ ቅዳሜና እሑድ ፖስታ ቤት ያድራል። ያም ሆኖ የሚነግርሽ የዚያን ቀን ቁጥር ነው። የምራቅ ሆርሞን ምርመራ ግን አልመክርም፤ ቁጥሩ በጣም ይዋዥቃል።

አዋላጅ ነርስ
ሐኪም ጋ ስትሄጂ ይዘሽ የምትሄጂው የ3 ወር መዝገብ ይሁን፦ ደም የጀመረበትና ያቆመበት ቀን፣ በቀን ስንት ሞዴስ እንደቀየርሽ፣ ላቡ በሌሊት ስንቴ እንደቀሰቀሰሽ። የወር አበባሽ ሲዘገይ የእርግዝና ምርመራ አድርጊ። ታይሮይድም ላብና የወር አበባ መዛባት ስለሚያመጣ ቲኤስኤች የሚባለውን የታይሮይድ የደም ምርመራ ጠይቂ፤ ደሙ ከበዛ ሄሞግሎቢንና ፌሪቲንም (የደም ማነስና የብረት ክምችት ምርመራ) ይታይ።

በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያስቀይር ደም ከመጣ ወይም 12 ወር ከቆመ በኋላ ጠብታም ብትሆን ከታየች ቶሎ መታየት አለብሽ። ይህን የምታነቡ ከ40 በታች ሆናችሁ የወር አበባችሁ ለወራት የቀረባችሁ ደግሞ ስትሪፕ አትግዙ፤ ኤፍኤስኤች በላብራቶሪ የሚለካው በተለይ ለእናንተ ነው፣ አጥንትና ልብም አብሮ መታየት አለበት።