ፈረንሳይኛ ላይ «ለ» እና «አን» መቼ ነው የሚገቡት?

ጠያቂ፦
ሰላም ወገን። ፈረንሳይኛ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ፣ ይህቺ አርቲክል የምትባል ከስም በፊት የምትገባ ትንሽ ቃል ግን ናላዬን አዞረችው። የታወቀ ነገር ሲሆን ለ (ለተባዕት) ወይ ላ (ለአንስታይ)፣ ያልታወቀ ሲሆን አን (ለተባዕት) ወይ ዩን (ለአንስታይ) ተብዬ ነበር። ታዲያ «ቡና እወዳለሁ» ለማለት ለምን «ዤም ለ ካፌ» ይባላል? የትኛው ቡና ነው የታወቀው?

መልስ 1፦
እኔም እዚችው ላይ ነው የተንገዳገድኩት። እኛ «ቡናው» ስንል አንድ የምናውቀው ቡና አለ። የፈረንሳይኛው ለ ግን ሁለት ሥራ አለው፤ አንዱ ያው የእኛው «ው» ነው፣ ሌላው ነገሩን በጅምላ ይጠራል፣ ማለትም ቡና የተባለውን ሁሉ። እወዳለሁ፣ እጠላለሁ ስትል ብዙውን ጊዜ በጅምላ ስለሆነ ለ ይገባል። ስትጠጣው ግን ከዚያ ላይ ጥቂት ነው የምትወስደው፣ ስለዚህ «ዠ ቧ ዲዩ ካፌ»፣ ቡና እጠጣለሁ፤ «ዲዩ» ያቺን «ጥቂት» ነው የምትይዘው።

መልስ 2፦
ልክ። አሉታ ሲመጣ ደግሞ አን፣ ዩን፣ ዲዩ፣ ዴ (የብዙ ቁጥሩ) ሁሉም «ደ» ይሆናሉ። «ዤ ዩን ቯቲዩር» መኪና አለኝ፣ «ዠ ኔ ፓ ደ ቯቲዩር» መኪና የለኝም። ለ እና ላ ግን ንቅንቅ አይሉም፦ «ዠ ኔም ፓ ለ ካፌ» ቡና አልወድም። «ነው» የሚለው ግስም ይህን ሕግ አይሰማም፦ «ሰ ኔ ፓ ዩን ቯቲዩር» ይህ መኪና አይደለም።

ጠያቂ፦
አሃ፣ «ጥቂት» የምትለዋ ገባችኝ! ሙያስ? ትናንት «ሐኪም ነኝ» ለማለት «ዠ ስዊ አን ሜድሳን» ብዬ ታረምኩ።

መልስ 1፦
ሙያ ብቻውን ከሆነ አርቲክል አይፈልግም፣ «ዠ ስዊ ሜድሳን» በቃ። ቅጽል ከጨመርክ ግን ይመለሳል፦ «ዠ ስዊ አን ቦን ሜድሳን» ጥሩ ሐኪም ነኝ።