የውኃ ሙቀትና የዓሣ መራቢያ ወቅት በጎርጎራ

ጥያቄ፦ በሰሜን አሜሪካ ክራፒ የሚባለው ዓሣ በጸደይ የውኃው ሙቀት ከ16 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ ወደ ዳርቻ ቀርቦ እንቁላሉን እንደሚጥልና አጥማጆችም ያን ጊዜ ጠብቀው እንደሚወጡ አንብቤአለሁ። ከጎንደር በጣና ሐይቅ ዳር ወዳለችው ጎርጎራ ወርዶ ቀረሶ (ቲላፒያ) ለሚያጠምድ ሰው ይኸው ስሌት ይሠራል?

መልስ፦ በከፊል ብቻ ነው፣ ወንድሜ። ቀረሶም ለመራባት ከ20 ዲግሪ በላይ የሞቀ ውኃ ይፈልጋል፤ ሆኖም የጣና ሙቀት እንደ ሰሜን አሜሪካ ሐይቆች ከወቅት ወቅት እጅግ ስለማይለዋወጥ ቴርሞሜትር ብቻውን ብዙ አይነግርዎትም። የክራፒ ወንዱ ጎጆውን ሲጠብቅ፣ ሴቷ ቀረሶ ግን እንቁላሏን በአፏ ትይዛለች፤ ስለዚህ በዚያን ጊዜ እርሷን ማጥመድ ጫጩቶቹንም ማጥፋት ነው።

ሌላ መልስ፦ ለነጭ ዓሣ (ላቤኦባርበስ ለሚባሉት የጣና ዓሦች) ከሙቀቱ ይልቅ ዝናቡን ይከታተሉ። ብዙዎቹ ዝርያዎች በክረምት፣ ወንዞቹ ሲሞሉ፣ ለመራባት ወደ መገጭና ወደ ድርማ ወንዞች ይወጣሉ፤ በወንዝ አፍ መረብ መዘርጋትም በእኔ እምነት ሊከለከል ይገባዋል።