ቴዘር የሚተካው ጥይትን ነው ወይስ ትዕግሥትን?

ውይይቱን የከፈተው፦ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 አውስትራሊያ ውስጥ ኩማ በምትባል ከተማ ክሌር ኖውላንድ የተባሉ የ95 ዓመት እናት በሚጦሩበት ማዕከል ሊነጋ ሲል ቢላ ይዘው ተገኙ። የሚራመዱት በመራመጃ ድጋፍ ነበር። ፖሊስ ቢላውን እንዲጥሉ ቢነግራቸውም አልጣሉም፤ በቴዘር መታቸው። ወደቁ፣ ጭንቅላታቸው ተጎዳ፣ ከሳምንት በኋላ አረፉ። ይህ የኤሌክትሪክ ንዝረት መሣሪያ ለፖሊስ ሲታደል «ከጥይት ይሻላል» ተብሎ ነበር። ለመሆኑ ቴዘር ባይኖር በእኚህ እናት ላይ ሽጉጥ የሚተኩስ ማን ነበር? በር ዘግቶ መጠበቅ ይቻል ነበር። እንደ እኔ መሣሪያው የገባው በጥይት ቦታ ሳይሆን በትዕግሥት ቦታ ነው። ለተራ ጠባቂ ፖሊስ ባይሰጥ እላለሁ።

የቀድሞ ፖሊስ፦ ለዚያ ድርጊት ጥብቅና አልቆምም። ግን ቢላ የያዘ ጎረምሳ ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ምን አድርግ ትለኛለህ? ዱላ አጥንት ይሰብራል። ትግል ውስጥ ከገባሁ አንዳችን እንጎዳለን። ቴዘር በሽቦ የተያያዙ ሁለት ትንንሽ እሾሆች ይወረውራል፤ ሰውዬው ለአምስት ሰከንድ ጡንቻው ይቆለፋል፣ እጁ ይታሰራል፣ ከዚያ ተነስቶ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ መተኮስም አያስፈልግም፤ የማነጣጠሪያው ቀይ የብርሃን ነጥብ ልብሱ ላይ ሲያርፍ ቢላውን ይጥላል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ነርስ፦ «ተነስቶ ይሄዳል» ያልከው ላይ ልቁም። ሰዎች 50,000 ቮልት ሲባል ይደነግጣሉ፤ ያ ግን ብልጭታው ልብስና አየር እንዲሻገር ነው፣ ሰውነት ውስጥ የሚደርሰው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ጡንቻው የተቆለፈ ሰው ሲወድቅ እጁን አስቀድሞ ራሱን ማዳን አይችልም፤ እንደ ግንድ ነው የሚወድቀው። ንዝረቱ ልብ አካባቢ ሲያርፍ ደግሞ አደጋ አለው። አምራቹ ኩባንያ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2009 ደረት ላይ አታነጣጥሩ ብሎ መክሯል። ሌላው መደጋገሙ ነው። የአስቶን ቪላ አጥቂ የነበረውን ዳልያን አትኪንሰንን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2016 እንግሊዝ ውስጥ ፖሊሱ የቴዘሩን ምላጭ 33 ሰከንድ ሙሉ አልለቀቀም፤ ከዚያም ወድቆ ሳለ ጭንቅላቱን በእርግጫ መታው፤ ሞተ።

የቀድሞ ፖሊስ፦ ያ ፖሊስ ስምንት ዓመት ተፈረደበት እኮ። የኩማውም ጥፋተኛ ተብሏል። ሕጉ ሠርቷል።

ውይይቱን የከፈተው፦ የኩማው ጥፋተኛ ይባል እንጂ እስር ቤት አልገባም። ደግሞስ ሕጉ የሚሠራው ሰው ከተቀበረ በኋላ ከሆነ ምኑን ሠራ?

የሕግ ባለሙያ፦ ከሞቱት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የመሣሪያው ሁለተኛ አጠቃቀም ነው። እሾሁን ሳይወረውሩ አፉን በቀጥታ ገላ ላይ ተጭኖ መንዘር አለ። ይህ ጡንቻ አይቆልፍም፤ የሚሰጠው ሕመም ብቻ ነው። አደጋ ካላስቆመ ምን ሊባል ነው? ሰውን በስቃይ ማዘዝ ነው። አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ የአእምሮ ሕመምተኛ ከሆስፒታል ወጥቶ የመንገድ ምልክት እንጨት ላይ ተጠመጠመ። ማንንም አልመታም፣ አልለቅም ብቻ አለ። በሁለት ደቂቃ ያህል ውስጥ አምስት ጊዜ እንዲህ ነዘሩት፤ ሞተ። እህቱ እዚያው ቆማ ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 አስቸኳይ አደጋ በሌለበት፣ እምቢ ስላለ ብቻ ሰውን በቴዘር መንዘር ከልክ ያለፈ ኃይል ነው አለ። ፖሊሶቹን ግን ሕጉ በወቅቱ ግልጽ አልነበረም ብሎ ከክሱ ነፃ አደረጋቸው።

የታማሚ እህት፦ ዝም ብዬ ላነብ ነበር ያሰብኩት፣ ይህችን እህት ስትጠቅሱ አልቻልኩም። እኔም ወንድሜ ሲታመምብን ፖሊስ የጠራሁት ራሴ ነኝ። ሦስት ሆነው በአንድ ላይ ይጮሁበታል፤ አንዱ «ተኛ» ይላል፣ ሌላው «እጅህን አውጣ»። እሱ በዚያ ሰዓት የሚሰማው የውስጡን ድምፅ ነው። ነዘሩት። ዛሬ በሕይወት አለ፤ ሽጉጥ ቢያወጡ ኖሮ ላይኖር ይችላል፣ ይህን አልክድም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሲያመው እኛንም አይጠራም፤ በር ቆልፎ ይቀመጣል። መጀመሪያ አንድ ሰው ብቻ፣ በስሙ ጠርቶ፣ ዝግ ብሎ ቢያናግረው ምን ነበረበት?

የቀድሞ ፖሊስ፦ እህቴ፣ ልክ ነሽ። አንድ ሰው ብቻ ይናገር የሚለውን እኛም እንማረዋለን፤ ሲጨንቀን ይጠፋናል። ገላ ላይ ተጭኖ መንዘሩም ይከልከል፣ እስማማለሁ። ቴዘርና ሽጉጥ በአንድ ጎን አይታጠቁ፤ ያም ብቻውን አይበቃም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ 26 ዓመት ያገለገለች ፖሊስ በተለያየ ጎን ታጥቃቸው እያለ ቴዘር ያወጣች መስሏት ሽጉጥ ተኩሳ የ20 ዓመት ወጣት ዳንቴ ራይትን ገድላለች። ከጠባቂው እጅ ጨርሶ ይውጣ የሚለውን ግን አልቀበልም። ሌሊት መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ነውና፤ ቴዘሩን ስትነጥቀው ወገቡ ላይ የሚቀረው ሽጉጡ ነው።

ውይይቱን የከፈተው፦ ይህ የመጨረሻው ከበደኝ፤ መልስ የለኝም። እሺ፣ ይያዝ። የሚተኮሰው ግን ሽጉጥ ማውጣት በሚያስፈቅድ አደጋ ብቻ ይሁን።

የቀድሞ ፖሊስ፦ ያ በጣም ጠበበ። በጡጫ የሚደበድበኝንስ?

የሕግ ባለሙያ፦ እዚህ ላይ አሁን አትስማሙም። አንድ ነገር ልጨምር፦ እነዚህ መሣሪያዎች ምላጭ በተሳበ ቁጥር ሰዓቱንና የቆየበትን ሰከንድ በውስጣቸው ይመዘግባሉ። ከፖሊስ ውጭ የሆነ አካል ያንን መዝገብ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ይመርምረው።

የታማሚ እህት፦ ለቤተሰብም ይሰጥ። ወንድሜ ስንት ጊዜ እንደተነዘረ እስካሁን የነገረኝ የለም።