ኮድ ይሰበራል ወይስ ይፈታል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለቤቱ። ስለ ኤድጋር አለን ፖ አጭር ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 ባወጣው ታሪክ የመርማሪ ልብወለድን መንገድ የከፈተው ሰው ማለት ነው። የምስጢር ጽሑፍ ነገር ደግሞ ሱስ ሆኖበት ነበር። «ኮዱን ሰበረው» ብዬ ጻፍኩና ጆሮዬ እምቢ አለኝ። ምን ትላላችሁ?

ቃል ለቃሚ፦ ጆሮህ ልክ ነው። በር ይሰበራል፣ አጥር ይሰበራል። የተቋጠረ ነገር ግን ይፈታል። ህልም ይፈታል፣ እንቆቅልሽ ይፈታል፣ ቅኔ ይፈታል። ኤድጋር ፖ ራሱም ይፈታ ነበር። ከ1839 መጨረሻ ጀምሮ ፊላደልፊያ በሚታተም ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ አንባቢዎች ፊደሉን በሌላ ምልክት እየተኩ የጻፉትን እንዲልኩለት ይጋብዝ፣ እንደሚፈታውም ይፎክር ነበር።

ዝምተኛው፦ ሚስትም ትፈታለች፤ አገባቡ ላይ ጠንቀቅ ነው 😄

ባለ ብራና፦ «ፈታ» ላይ እስማማለሁ። «ኮድ» ላይ ግን ትንሽ እንቆይ። ቃል ወይም ሐረግ በሌላ ሲተካ ነው ኮድ የሚባለው። ፖ የሚወደው ፊደል በፊደል የሚተካበትን ነው፤ እሱ ሳይፈር ይባላል። ቃሉ የመጣው ከዐረብኛው «ሲፍር» ነው፣ ባዶ ማለት። «ዜሮ»ም የዚያው ቃል ልጅ ነው። እኔ ብሆን «ስውር ጽሑፍ» ብዬ እገላገላለሁ።

አሁን ወደሚጥመኝ ልሂድ። በ1843 አንድ ጋዜጣ ባዘጋጀው ውድድር 100 ዶላር ያሸነፈበት ስለ ወርቃማው ጢንዚዛ የሚተርክ ታሪክ አለው። ጀግናው ስውሩን ጽሑፍ ሲፈታ መጀመሪያ የሚያደርገው መቁጠር ነው። «8» የምትለዋ ምልክት 33 ጊዜ ትመጣለች። በእንግሊዝኛ በብዛት የሚመላለሰው ፊደል «ኢ» ስለሆነ 8ን «ኢ» ነው ብሎ ይነሳል። ቀጥሎ በ8 የሚያልቁ፣ ቅደም ተከተላቸው አንድ የሆነ ሦስት ምልክቶች ሰባት ጊዜ ተደጋግመው ያገኛል። እነሱን ከስም በፊት የምትገባዋ የእንግሊዝኛ «ዘ» (the) ናቸው ይላል። ሦስት ፊደል በአንዴ እጁ ገባ ማለት ነው።

እስቲ ይህን በአማርኛ ሞክሩት። የኛዋ «ዘ» ጅራት ላይ ነው የምትለጠፈው፦ ቤቱ፣ ልጁ፣ በጉ። እሷም ብትሆን ለብቻዋ አትቆምም። ቱ፣ ጁ፣ ጉ ሦስት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። 33ቱ ፊደሎቻችን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ሰባት መልክ አላቸው፤ ሲባዛ 231 ነው፤ እንደ «ቋ» ያሉትን ዲቃሎች ሳንቆጥር። ጀግናው እኛ ፊደል ላይ ቢወድቅ የሚይዘው ዘለበት አያገኝም ነበር።

ጠያቂ፦ ኧረ ተው! ታዲያ «ሰምና ወርቅ» ብለው አይሻልም? ወርቁም ገጥሞልኛል።

ባለ ብራና፦ አይሆንም ወንድሜ። ሰሙ ራሱ ይነበባል፣ ትርጉም አለው። የሚሰማው ሰው ሌላ ነገር እንዳለ ሳይጠረጥር ሊያልፍ ይችላል። ስውር ጽሑፍ ግን ሳይፈታ ትርጉም የለውም፤ ያየው ሁሉ የተደበቀ ነገር እንዳለ ያውቃል። «ውስጠ ወይራ»ም በዚሁ ምክንያት ይቀራል።

ቃል ለቃሚ፦ ግን አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ ታሪክ ውስጥ ጽሑፉ ያለው ብራና ላይ ነው። ቀለሙ አይታይም፤ ሙቀት ሲነካው ብቅ ይላል። ሰምም ወርቁን የሚለቀው እሳት ሲያገኘው አይደል? ቃሉን ባትጠቀምበትም ለጽሑፍህ መግቢያ ይሆንሃል።

ጠያቂ፦ ወሰድኩት! «ስውሩን ጽሑፍ ፈታው» ብዬ አስተካክያለሁ። ለምስጋና ይህን ፍቱልኝ፦ ሸሥ ድበሕጫሕ። ከሀ እስከ ፐ ባለው ተራ እያንዳንዱን ፊደል ወደ ቀጣዩ ቤት አሳልፌዋለሁ፤ ግዕዝ ካዕቡን አልነካሁም።

ዝምተኛው፦ ሁለት ደቂቃ ፈጀብኝ። አልናገርም።