ፎርማው አንሶ ወጣብኝ፤ 200 ሚሊ ሜትሩ 188 ሆኗል!

አዲስ መጋዝ፦
ሰዎች ድረሱልኝ። የወንበር የኋላ እግር ፎርማ በእውነተኛ ልኩ ፕሪንት አድርጌ፣ እንጨቱ ላይ ለጥፌ ልቆርጥ ነበር። አንሶ ወጣ። 200 ሚሊ ሜትር ብዬ የሳልኩት መስመር ወረቀቱ ላይ 188 ነው። ሦስት ጊዜ አወጣሁት፣ ሦስቴም ያው። እንጨቱ ተልጎ አልቋል፣ ነገ ጠዋት መቁረጥ አለብኝ። ደግሞ አንዱ ገጽ ላይ የማስገቢያ ቀዳዳው መስመር ጭራሽ የለም። ምን ላድርግ?

ኮምፓስ፦
በምን ፕሮግራም ሣልከው? ከየት ነው የምታትመው? ሐኪም ቤት ገብቶ «አመመኝ» ብሎ ዝም እንደሚል ሰው አትሁና።

አዲስ መጋዝ፦
ይቅርታ፣ ተጣድፌ ነው። በስኬችአፕ ነው የሣልኩት፣ የ3ዲ መሣያ ፕሮግራም ነው። መጀመሪያ ወደ ፒዲኤፍ አወጣዋለሁ፣ ከዚያ ፒዲኤፉን አትማለሁ። እግሩ 860 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አራት የኤ4 ገጽ ወጥቶታል። ፕሪንተሩ ተራ የቤት ፕሪንተር ነው።

ሳቂታው፦
188 ለ200 ማለት 94 በመቶ ነው። እግሩ በ5 ሳንቲ ሜትር ያጥራል። አጭር ሰው ፈልገህ ሽጥለት፣ ተገላገልክ።

ገመድ አልባ፦
ፕሪንተሩን አጥፍተህ አብራው።

ጋሽ መሮ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ ነገር ወረቀት ላይ ምን አስኬደህ? ወረቀት እርጥበት ሲነካው ይሰፋል። ኮላ ስትቀባው ደግሞ ይብሳል፣ ይለጠጥና አንተ በለካኸው ልክ አይቆምም። እኔ ቀጭን ጣውላ እወስድና የእግሩን ልክ ሁሉ እሱ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። የመቀመጫው ከፍታ፣ የማስገቢያ ቀዳዳው መነሻና መድረሻ፣ ሁሉም በአንድ ጣውላ ላይ። ከዚያ ሜትር አልነካም። ጣውላውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እያዞርኩ ምልክት መጣል ብቻ ነው። ሁለቱ እግሮች ቢሳሳቱ እንኳ እኩል ነው የሚሳሳቱት። በሜትር በየጊዜው ስትለካ ግን አንዴ 412፣ አንዴ 413 ታነባለህ። ወንበር የሚወዛወዘው በዚህ ነው። እናንተ ልጆች እርሳስ መያዝ ትታችሁ ቁልፍ መጫን ሆነ ሥራችሁ።

አዲስ መጋዝ፦
ጋሼ፣ አክብሬዎታለሁ፤ ግን እግሩ ቀጥ ያለ አይደለም። ከመቀመጫው በላይ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ኩርባውን በጣውላ ምልክት እንዴት ላንሣው?

ጋሽ መሮ፦
ሥዕሉን በካሬ በካሬ ትከፍለዋለህ፣ እንጨቱ ላይም በልኩ ካሬ ትሠራለህ፣ ኩርባው የትኛውን መስመር የት እንደሚቆርጥ እያየህ ነጥብ ትጥላለህ። ፕሪንተር ሳይፈጠርም ኩርባ ነበር።

ኮምፓስ፦
ጋሼ ትክክል ናቸው፣ ሰውዬው ግን ነገ ጠዋት ነው ያለው። ወደ ጥያቄው እንመለስ። ስኬችአፕ ሲከፈት እይታው ፐርስፔክቲቭ ነው፤ ራቅ ያለው ነገር አንሶ ይታያል። በዚያ እይታ በስኬል ማተም አይቻልም። ካሜራ ከሚለው ሜኑ ገብተህ ፓራለል ፕሮጀክሽን አድርገው፤ እዚያ ቅርቡም ሩቁም በአንድ ልክ ነው የሚታየው። ከዚያ ከስታንዳርድ ቪውስ ውስጥ ቶፕ ወይም ፍሮንት ምረጥ። ስታትም «ፊት ቱ ፔጅ» (ገጹ ውስጥ አግባው) ላይ ያለውን ምልክት አንሣ፣ ስኬሉን 1 ለ 1 አድርግ።

አዲስ መጋዝ፦
እሱን ሁሉ አድርጌያለሁ። ፒዲኤፉን ከፍቼ እዚያው በመለኪያው ስለካው 200 ነው የሚለው።

ገመድ አልባ፦
አጥፍተህ አበራኸው ወይ?

ኮምፓስ፦
እንግዲያው ሥዕሉ ጤነኛ ነው። ችግሩ ፒዲኤፉ ወደ ወረቀት ሲሄድ ነው። ስታትም «ፊት» (ገጹ ውስጥ አግባው) ሳይሆን «አክቹዋል ሳይዝ» (በእውነተኛ ልኩ) በል።

አዲስ መጋዝ፦
እሱንም ሞክሬ ነበር። ልኩ ይስተካከላል፣ ግን የሥዕሉ ጫፍ ይቆረጣል። ለዚህ ነው ወደ «ፊት» የመለስኩት። አሁን የመጣልኝ ሐሳብ በ106.4 በመቶ አሳድጌ ማተም ነው። 188ቱ ወደ 200 ይመጣል አይደል?

ሚሊ፦
ቆይ ቆይ፣ እንዳታደርገው! በጭፍን አሳድገህ ዛሬ ቢገጥምልህ፣ ነገ ማሳደጉን ረስተህ ሌላ ፎርማ ታወጣና እንጨት ታበላሻለህ። «ጫፉ ይቆረጣል» ያልከው ነገር ነው ዋናው። ምን ያህል ነው የሚቆረጠው?

አዲስ መጋዝ፦
ከላይና ከታች ሲደመር ከ2 ሳንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ወንድሜ፣ ገባህ እንዴ?

ሚሊ፦
እህትህ ነኝ፣ ግድ የለም። አዎ፣ ገብቶኛል። ፕሪንተርህ የሚያስበው ወረቀት ኤ4 አይደለም፣ ሌተር የሚባለው የወረቀት ልክ ነው። ኤ4 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው። ሌተር ደግሞ 215.9 በ279.4፤ ሰፋ ይልና ያጥራል። ልዩነቱ በቁመት 17.6 ሚሊ ሜትር ነው። በዚያ ላይ ፕሪንተሩ ዳር ዳሩን የማያትመውን ጠርዝ ጨምርበት፣ ያንተ 2 ሳንቲም ትሞላለች። «ፊት» ስትለው ደግሞ 297ቱን 279.4 ውስጥ ለማስገባት ይጨምቀዋል። 279.4ን ለ297 አካፍል፤ 94 በመቶ። ያው ያንተው ቁጥር።

ስለዚህ ሁለት ቦታ ነው የምትነካው። አንዱ ፒዲኤፉን ስታትም የሚመጣው የወረቀት መጠን ነው። ሌላው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፦ የፕሪንተሩ የራሱ ሴቲንግ። እዚያ ሌተር ሆኖ ከቀረ አንዳንዴ ላይኛውን ይሽረዋል። ሁለቱንም ኤ4 አድርግና አክቹዋል ሳይዝ በል። ጠርዙ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነጭ መቅረቱ አይቀርም። ስለዚህ አስፈላጊ መስመር ገጹ ዳር ላይ አይውደቅ።

አራቱን ገጽ ለማጋጠም የጋሼን ካሬ ተዋስ። ሥዕሉ ላይ በየ50 ሚሊ ሜትሩ ቀጭን መስመር አቋርጥበት። ገጾቹን ስታያይዝ መስመሮቹ ከገጠሙ እግሩም ገጥሟል።

ለጠፋው መስመር ደግሞ አዶቢ ሪደር ከሆነ የምትጠቀመው፣ ማተሚያው ውስጥ አድቫንስድ በልና «ፕሪንት አዝ ኢሜጅ» (እንደ ምስል አትም) የሚለውን ምረጥ። ፒዲኤፉ ላይ እየታየ ወረቀት ላይ የሚቀር መስመር ብዙ ጊዜ በዚህ ይመለሳል።

ሳቂታው፦
አጭሩ ሰውዬ ወንበር አጣ ማለት ነው።

ጋሽ መሮ፦
ካሬዬን ተዋሳችሁ አይደል? ጥሩ። የተረፈኝን ልንገረው። ወረቀቱን በእንጨት ኮላ አታርሰው። የሚረጭ ማጣበቂያ ስስ አድርገህ ንፋና መጀመሪያ ቀጭን ኮምፔንሳቶ ላይ ለጥፈው። ኮምፔንሳቶውን ቆርጠህ ጠርዙን አስተካክል፣ ፎርማህ እሱ ይሁን። ከዚያ በእርሳስ እየዞርክ ሁለቱንም እግር ታወጣለህ። ወረቀት አንድ ጊዜ ነው የሚያገለግለው፣ ይሄ ግን ግድግዳ ላይ ይሰቀልልሃል።

አዲስ መጋዝ፦
ሌተር ነው!! ፕሪንተሩ ውስጥ ሌተር ሆኖ ተቀምጧል። ኤ4 አድርጌ እያተምኩ ነው፣ ለክቼ እነግራችኋለሁ።

ገመድ አልባ፦
ሴቲንጉን ከቀየርክ በኋላ አጥፍተህ አብራው።

ኮምፓስ፦
አዲስ መጋዝ፣ ምን ሆነ? ሦስት ቀን አለፈ እኮ። ወንበሩ ቆመ?

ቅጠል፦
ይሄን አግኝቼ እኔም ለካሁ። ወረቀቱም ኤ4 ነው፣ አክቹዋል ሳይዝም ነው። ግን የእኔም አንሶ ይወጣል። 250 ሚሊ ሜትሩ 248 ነው። ፕሪንተሬ ተበላሽቷል?

ሚሊ፦
በየትኛው አቅጣጫ ነው የለካኸው? 100 በ100 ካሬ ሣልና አግድሙንም ቁመቱንም ለካ። ሁለቱም እኩል ካነሱ ሴቲንግ ነው፣ አንድ ቦታ የሚጨመቅ ነገር አለ። እንደ ቦታው የሚለያይ ከሆነ እይታው ፐርስፔክቲቭ ላይ ቀርቷል። ወረቀቱ በሚሄድበት አቅጣጫ ብቻ ካነሰ ግን ፕሪንተሩ ወረቀቱን ሲስብ ነው፤ እሱን በሴቲንግ አትፈልገው። ከበቃው ሥዕሉን አዙረህ ዋናው ልክ በወረቀቱ አግድም እንዲወድቅ አድርግ፣ የቀረውን በማስመሪያ አርም።

ቅጠል፦
ቁመቱን ብቻ ነው የለካሁት። አግድሙን ልለካ።

ሳቂታው፦
እሱም ሄደ።