በደረቀ ፕራይመር ላይ የትኛውን ቀለም ልቀባ?

ሰላም ወገኖች፣ ጨንቆኝ ነው የምጽፈው። እስራኤል ውስጥ አሽዶድ ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ) የምትቆም 6 ሜትር የአሉሚኒየም ጀልባ አለችኝ። ሆዷን እስከ ብረቱ ፍቄ ኢፖክሲ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ፣ ጠንክሮ የሚደርቅ መነሻ ቀለም) 4 ዙር ቀባኋት። ከዚያ ሥራ በዛብኝና 3 ሳምንት አለፈ። አሁን ፕራይመሩ ድርቅ ብሏል፤ በጥፍሬ ብጫነው ምልክት እንኳ አይዝም።

ሻጩ የሰጠኝ የዛጎልና የአረም መከላከያ ቀለም ደግሞ መዳብ አለበት። መዳብ በጨው ውኃ ውስጥ አሉሚኒየምን ይበላል። ፕራይመሩ አንድ ቦታ ከተጫረ አለቀላት! የጎረቤቴ ጀልባ እንዲሁ ነጭ ዱቄት እያወጣች ተቦርቡራ አይቻታለሁ፤ አንጀቴን ነው የበላችው። ስለዚህ ቀለሙን እመልሳለሁ።

መዳብ የሌለው የትኛው በኢፖክሲ ላይ በደንብ ይይዛል? ፕራይመሩን በብርጭቆ ወረቀት አሻክሬ በቀጥታ ልቀባ፣ ወይስ አንድ ዙር ፕራይመር ደግሜ ገና ጣት ላይ ያዝ ሲያደርግ ላስከትል? የሞከራችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ሰኞ ውኃ ትገባለች።